የኔ ቢጤና ጎረቤቱ፦ የበጎ አድራጎት ቤቶችን ሰፈር እንዴት ሲቀበላቸው ኖረ

በአማርኛ ለማኝን «የኔ ቢጤ» እንለዋለን። ቢጤ እኩያ፣ መሰል ማለት ነው። ዛሬ ቆሞ የሚሰጥ ነገ ተቀምጦ ሊለምን እንደሚችል በዓይኑ ያየ ሕዝብ ቃል ነው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በቆየው «ክፉ ቀን» የከብት በሽታ አብዛኛውን የአገሪቱን ከብት ሲጨርስ፣ ብዙ ጥማድ በሬ የነበረው ገበሬ በአንድ ዓመት ውስጥ የሰው በር ላይ ቆሟል። አያቶቻችን ይህን ታሪክ ከሰሙ ሰዎች ሰምተው ለእኛ ያደረሱ ናቸው፤ የኔ ቢጤን ባዶ እጁን መመለስ የሚያስፈራቸውም ለዚህ ነበር።

የምጽዋት ልማዳችን የሚሠራው በር ላይ ነው። በሐዋሳ የቅዱስ ገብርኤል ዕለት፣ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19፣ በካቴድራሉ ዙሪያ ባሉ መንገዶች ግራና ቀኝ የሚቀመጠውን ወገን የማታውቅ አባል የለችም። አንዷ ድፎ ዳቦ ትቆርሳለች፣ አንዷ ንፍሮ ታድላለች፣ ሌላዋ ብር ዘርዝራ ይዛ ከጫፍ እስከ ጫፍ ታዳርሳለች። ሙስሊም እኅቶቻችን ዘካና ሰደቃ አላቸው። በሲዳማ ባህል ደግሞ «ሴራ» የሚባለው የኅብረተሰብ ሕግ የተቸገረን ጎረቤት መርዳት ግዴታ ያደርገዋል፤ እምቢ ያለ ከማኅበራዊ ኑሮ ይገለላል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ሰጪና ተቀባይ ፊት ለፊት ይተያያሉ። ሰጪዋ ሳንቲሟን ሰጥታ ምርቃቷን ተቀብላ ትሄዳለች፣ ሒሳቡ እዚያው ይዘጋል። በሒሳብ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ይህን ዓይነቱን ግብይት እንወደዋለን፤ ዕዳም ውዝፍም የለውም።

የበጎ አድራጎት ቤት ይህን ሥርዓት በሁለት መንገድ ይለውጠዋል። አንደኛ፣ ገንዘቡ በሦስተኛ ሰው እጅ ያልፋል፣ ምርቃቱም ለሰጪዋ ጆሮ አይደርስም። ሁለተኛ፣ በከተማው ተበትኖ የነበረው ችግረኛ አንድ ቦታ ይሰበሰባል፣ ያ ቦታ ደግሞ የአንድ ሰው ጎረቤት ነው። በር ላይ እጃችንን የማንሰስት ሰዎች ቤቱ ከጎናችን ይከፈት ሲባል ለምን እንደምንቆጣ መልሱ ያለው በእነዚህ ሁለት ነገሮች ውስጥ ይመስለናል። ጉዳዩ በዚህ ዓመት በራሳችን ሰፈር ስለ ተነሣ፣ ቀድሞ እንዴት እንደ ነበር ለአባላትና ለደጋፊዎቻችን ማቅረብ ተገቢ መስሎ ታየን።

ከሁሉ የቆየው ምሳሌ የሥጋ ደዌ ነው። በድሮው አነጋገር ቁምጥና። ሌሊት ሲነጋጋ በየበሩ እየዘፈኑ የሚለምኑትን ላሊበሎች ብዙዎቻችን በልጅነታችን ሰምተናል፤ ይህን ልመና ቢተዉ ደዌው ይይዘናል ብለው ያምናሉ ይባል ነበር። ሕዝቡ ለታመመው ይሰጣል፣ አብሮት ግን አይኖርም። በ1920ዎቹ በአዲስ አበባ ዳርቻ የተከፈተው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ሲሰየም ቦታው ከከተማ የራቀ ነበር። ታካሚዎቹ ከዳኑም በኋላ የትውልድ መንደራቸው ስለማይቀበላቸው ከሆስፒታሉ ዙሪያ ጎጆ ቀልሰው ቀሩ፤ ልጆች ወለዱ፣ ሰፈርም ሆነ። በ1958 ዓ.ም. ገደማ አለርት የተባለው የሥልጠናና የምርምር ማዕከል እዚያው ተቋቋመ። ከዚያ ከተማዋ እየሰፋች መጥታ ከበበቻቸው። ዛሬ ዘነበወርቅ መሬት የሚፈለግበት ሰፈር ነው፤ የስሙ ፍርሃት ግን ከበሽታው ፍርሃት ዘግይቶ ነው የለቀቀው። በሽታው በ1970ዎቹ በመጣው የተቀናጀ መድኃኒት ይድናል። ለሰፈር ስም ግን መድኃኒት አልመጣለትም።

ለእኛ የሚቀርበው ምሳሌ ሻሸመኔ ነው፤ ከሐዋሳ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ1940ዎቹ የውጭ ሚሲዮን የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ከፈተ፤ ከሲዳማ፣ ከአርሲ፣ ከወላይታ የተባረሩ ሕሙማን ወደዚያ ይጎርፉ ነበር። ሆስፒታሉ ኋላ ለሁሉም ሕመምተኛ የሚያገለግል አጠቃላይ ሆስፒታል ሆነ። ቀድሞ በዚያ በር ማለፍ ይጠየፍ የነበረው ሕዝብ እዚያው ገብቶ ወለደ፣ ልጁንም አሳከመ። በሩ ለሰፈሩም ሲከፈት ሰፈሩ ዝም አለ። ይህን ነጥብ አባላት ልብ እንዲሉልን እንፈልጋለን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

በንጉሡ ዘመን በጎ አድራጎት የላይኛው ክፍል ሥራ ነበር። የኢትዮጵያ ሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር በ1927 ዓ.ም. በእቴጌ መነን የበላይ ጠባቂነት ተቋቋመ፤ ከጠላት ወረራ በኋላም እንደገና ተነሥቶ ትምህርት ቤቶችንና የእጅ ሥራ ማሠልጠኛዎችን አካሄደ። የሴቶች ማኅበር ታሪክ ሲጻፍ መጀመሪያ የሚጠራው እሱ ነው፣ ይገባዋልም። ነገር ግን ከወይዘሮዎቹ ወደ ድሆቹ የሚወርድ እንጂ ድሆቹ ድምፅ የሚሰጡበት ማኅበር አልነበረም። ማዘር ቴሬዛም ንጉሡ ከመውረዳቸው ጥቂት ቀደም ብለው መጥተው በአዲስ አበባ ለሚሞቱ ድሆች ቤት ከፈቱ። በ1965 እና 66 የወሎ ረኃብ የእርዳታ ድርጅቶች በብዛት ገቡ። ደርግ ቀበሌን ካቋቋመ በኋላ ደግሞ የድሃ ጉዳይ የቀበሌ ጉዳይ ተባለ፣ የሴቶቹም ማኅበር ቀረ። በ1977ቱ ድርቅ ሰሞን ሐዋሳ ውስጥ የኤስ ኦ ኤስ የሕፃናት መንደር ተከፈተ። ከከተማችን ነዋሪዎች ብዙዎቹ መንደሩን የሚያውቁት በትምህርት ቤቱ በኩል ነው፤ እዚህም የሰፈሩ ልጆች ከመንደሩ ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተቀምጠው ተማሩ።

አሁን ስለ አንዲት ሴት ትንሽ ረዘም አድርገን እንጻፍ። አበበች ጎበና በ1928 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ ተወለዱ። አባታቸው በጣሊያን ጦርነት ሞቱ። በልጅነታቸው ያለ ፈቃዳቸው ተድረው፣ ከዚያም ጠፍተው አዲስ አበባ ገቡ፤ ተምረው በቡናና በእህል ድርጅት ውስጥ የጥራት ተቆጣጣሪ ሆኑ። ደመወዝ ያላቸው፣ ባል ያላቸው፣ ቤት ያላቸው ሴት ነበሩ ማለት ነው። በ1972 ዓ.ም. ገደማ ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ወሎ ሄዱ። በመንገድ ላይ ረኃብ የጣለው ሕዝብ አገኙ፤ የያዙትን ዳቦ አከፋፈሉ። የሞተች እናቱን ጡት የሚጠባ ሕፃን አይተው አነሡ፣ ሌላም ሕፃን ጨምረው ይዘው ተመለሱ። ዓመት ሳይሞላ ቤታቸው ያሉት ልጆች 21 ደረሱ።

ዛሬ ስማቸው በክብር ስለሚጠራ ያን ጊዜ ሰው ምን እንዳለ እንረሳለን። ዘመዶቻቸው አብዳለች አሉ። ባለቤታቸው ከእኔና ከልጆቹ ምረጪ አሏቸው። ልጆቹን መርጠው ከከተማው ወጣ ብላ ባለች ጎጆ ገቡ፤ ምግብ እያዘጋጁ፣ እየሸጡ አሳደጓቸው። ሕጋዊ ፈቃድ ያገኙት በ1978 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ያሉት ዓመታት ማኅተም የሌላቸው፣ ደረሰኝ የማይቆርጡ፣ በየትኛውም መዝገብ የማይገኙ ዓመታት ናቸው፤ በእኛ ሙያ ዓይን ያ ድርጅት አልነበረም፣ ልጆቹ ግን በልተው ያድሩ ነበር። ኋላ ድርጅታቸው የሕፃናት ማሳደጊያ ብቻ ሳይሆን ትምህርት ቤት፣ የሙያ ማሠልጠኛና ለሰፈር እናቶች የገቢ ማስገኛ ሥራ ያለው ሆነ። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በኮሮና ሕመም ሲያርፉ አገር አለቀሰላቸው። አብዳለች ከተባለችበት ቀን እስከ ሕዝብ እናትነት 40 ዓመት ወስዷል። ቤተ ዘመድ እንኳ በቶሎ አልተቀበላቸውም፤ ጎረቤት ቢዘገይ ምን ይደንቃል።

ወደ ከተማችን እንምጣ። ሐዋሳ ወጣት ከተማ ናት። በ1952 ዓ.ም. ስትቆረቆር «አዳሬ» ይባል በነበረው ቦታ ከብቶቹን የሚያግድ የሲዳማ ሕዝብ ነበረ፤ በላዩ ላይ ጡረታ የወጡ ወታደሮች መጥተው ሰፈሩ። «ኮረም» የተባለው ሰፈር የዚያ ዘመን ምልክት ነው። ከዚያ የእርሻ ሠራተኛው፣ አስተማሪው፣ ነጋዴው፣ የክልል መሥሪያ ቤት ሠራተኛው፣ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ወጣት ሴቶች መጡ። በ1987 ቆጠራ ከ70 ሺህ ያነሰ ሕዝብ የነበራት ከተማ በ1999 ቆጠራ ከ150 ሺህ በላይ ሆና ተገኘች። ከብዙዎቻችን ቤት አያት ወይም እናት ስትጠየቅ «ከሌላ ቦታ ነው የመጣነው» ማለቷ አይቀርም። በመናኸሪያ አካባቢ የሚያድሩት ልጆችም የሚሉት ይህንኑ ነው፦ ከዙሪያው ገጠር፣ ከአጎራባች ዞኖች ሥራ ፍለጋ የመጡ ናቸው። ሊስትሮ ይሠራሉ፣ ሸንኮራ ይሸጣሉ፣ ዕቃ ይሸከማሉ፣ ያልቀናቸው ማስቲሽ ይስባሉ። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በጉጂ በኩል፣ በዚያው ዓመት ሰኔ ደግሞ በራሷ በሐዋሳ በደረሰው ግጭት ቤታቸውን ያጡ ቤተሰቦች ሲጨመሩ ጎዳናው ሌላ ዓይነት ሰው አየ። ከእነሱ መካከል ትናንት የራሳቸው ሱቅ የነበራቸው ነበሩ።

ሐዋሳ በጽዳቷ የምትኮራ ከተማ መሆኗ ደግሞ ነገሩን ያከብደዋል። ሰፊ መንገድ፣ ሐይቅ፣ ዘንባባ፤ እንግዳ ሲመጣ የሚታየው እሱ እንዲሆን ሁላችንም እንፈልጋለን። መንገድ ላይ የተኛ ሰው የከተማ ገጽታ ጉድለት ሆኖ ይታየናል። ሕጉም አንዳንዴ እንዲህ አይቶታል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 384 መሥራት እየቻለ መተዳደሪያው የማይታወቅን ሰው ከወንጀል ጋር አያይዞ ተመለከተ፤ በዋስ መለቀቅንም ከለከለ። በ2009 ዓ.ም. ግን ሐዋሳን ጨምሮ በ11 ከተሞች የተጀመረው የከተማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ድሃውን በተራው መንገድ ጠራጊና ችግኝ ተካይ አድርጎ ከፈለው። በአሥራ ሦስት ዓመት ውስጥ መንግሥት ራሱ አንዱን ሰው መጀመሪያ አስፈሪ፣ ቀጥሎ ሠራተኛ አድርጎ አየው። ሰፈር ሐሳቡን መለወጥ አይችልም የሚል ካለ ይህን ያስብልን።

ሰፈር ሐሳቡን ሲለውጥ በቅርብ ያየነው በኤች አይ ቪ ጊዜ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቫይረሱ በደሟ ያለባት ሴት ከኪራይ ቤት ትባረር ነበር፣ ቡና አትጠራም፣ ጉሊት ብትቀመጥ የሚገዛት የለም። ዕድር ዋነኛ ሥራው ቀብር ስለ ነበር ሰው ሲሞት እንጂ ሲታመም አይመጣም። በከተማችን ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ ሴቶች «ጥላ» በሚል ስም ማኅበር አቋቁመው በግልጽ መውጣታቸው በዚያ ዘመን ቀላል ነገር አልነበረም። ሦስት ነገሮች ሁኔታውን ለወጡት ብለን እናምናለን። መድኃኒቱ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ መሰጠቱ፣ ሴቶቹ ራሳቸው በስማቸው መናገራቸው፣ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ዕድሮች ደንባቸውን አሻሽለው በሕይወት ያለን በሽተኛና ወላጅ አልባ ልጅ መርዳት መጀመራቸው ነው። ሦስተኛው ብዙ አይነገርለትም። የዕድር ዳኛ ገንዘብ ያዥ ሆኖ ሲቆጣጠር ጎረቤት «የነሱ ድርጅት» ማለቱን ትቶ «የኛ» ማለት ጀመረ። በኮሮናው ዓመት፣ በ2012፣ ማዕድ እናጋራ ሲባልም ዱቄቱና ዘይቱ በቶሎ የተሰበሰበው ዕድርና ቀበሌ አብረው በሠሩበት ሰፈር ነበር።

ይሁን እንጂ ሰፈር ሁልጊዜ የተሳሳተ፣ ድርጅት ሁልጊዜ የተበደለ አድርገን አንጽፍም። ጥርጣሬው ከየትም አልመጣም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የውጭ አገር ጉዲፈቻ በደቡብ ከተሞች ተስፋፍቶ ነበር። በከፍተኛው ጊዜ ከኢትዮጵያ በዓመት ከ4,000 በላይ ሕፃናት ወደ ውጭ ይሄዱ ነበር። የሕፃናት ማሳደጊያዎች በየሰፈሩ ተከፈቱ፤ አንዳንዶቹ በእርግጥ ወላጅ ያጣ ልጅ ያሳድጉ ነበር፣ አንዳንዶቹ ግን ወላጅ ያለውን ልጅ «ይማርልሽ፣ ይመለስልሻል» ብለው ከድሃ እናት እንደ ወሰዱ በመንግሥትም በጋዜጠኞችም ምርመራ ተጋለጠ። ማሳደጊያዎች ተዘጉ፣ በ2010 ዓ.ም. ጥር ወር ምክር ቤቱ የውጭ ጉዲፈቻን ጨርሶ ከለከለ። በር ዘግቶ የሚሠራ የእርዳታ ቤት ያየ ሰፈር «ውስጥ ምን ይካሄዳል?» ብሎ ቢጠይቅ መብቱ ነው። ከዚህ ሌላ ግቢው ሳይጠገን የለጋሹን ስም በትልቅ ሰሌዳ የሚሰቅል አለ፤ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ሠራተኞቹን ይዞ የሚሄድ፣ የሰበሰባቸውን ሰዎች ግን እዚያው ሰፈር ጥሎ የሚሄድም አለ። ለደጋፊዎቻችን በትሕትና እንናገር፦ ሰፈር የሚያስታውሰው የተከፈተበትን ቀን ሳይሆን የተዘጋበትን ነው።

የገንዘብ ጥርጣሬ ደግሞ ሕግ እስከ መሆን ደርሷል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 ድርጅቶች ከዓመታዊ ወጪያቸው ቢያንስ 70 በመቶውን ለዓላማቸው፣ ቢበዛ 30 በመቶውን ለአስተዳደር እንዲያውሉ አዘዘ። ሐሳቡ ሕዝቡ በየቡና ጠረጴዛው ከሚለው የተለየ አይደለም፦ «በድሃ ስም መኪና ይገዛሉ» የሚለው ነው። ችግሩ የመጣው ምን ወጪ ምን ይባላል በሚለው ላይ ነው። በመመሪያው መሠረት የትራንስፖርትና የክትትል ወጪ እንኳ በአስተዳደር በኩል ሲመደብ፣ ሥራው ሰው ለሰው እየዞሩ መርዳት የሆነ ትንሽ ድርጅት ከ30ው አለፍክ ይባል ነበር። ዱቄት ገዝቶ የሚያድል ደግሞ ያለ ችግር ያልፋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 የአስተዳደር ወጪን ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ አደረገ፤ የቁጥሩ ጣሪያ ዝቅ ቢልም ትርጉሙ ተስተካክሎ ለፕሮጀክት ሥራ የሚወጣው ከአስተዳደር ተለየ። የሂሳብ መደብ ነገር አንባቢን እንደሚያሰለች እናውቃለን። ቢሆንም የወጥ ቤት ሠራተኛዋ ደመወዝ «ዓላማ» ነው ወይስ «አስተዳደር» የሚለው ጥያቄ አንድ ምጽዋት ቤት በአንድ ሰፈር እንዲከበር ወይም እንዲጠላ የሚያደርግ ጥያቄ ነው። ወጥ ሠሪዋ የሰፈሩ ልጅ ከሆነች ደመወዟ ጎረቤት ቤት ይገባል።

ሩቅ ላለ ሥራ መስጠት ይቀላል። ቢኒያም በለጠ የመሠረተው መቄዶንያ በአዲስ አበባ ከጎዳና የሚያነሣቸውን አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን ለመርዳት በስልክ መልእክት ገንዘብ ሲሰበስብ ሐዋሳም በደስታ ላከች፤ በ2017 ዓ.ም. በቀጥታ ሥርጭት በተደረገው የገቢ ማሰባሰብ ላይ የብዙ አባሎቻችን እጅ አለበት። በሲስተር ዘቢደር ዘውዴ የተመሠረተውና እዚህ ሐዋሳም የሚሠራው ሜሪ ጆይ የአገር ውስጥ ሰዎች ለአንድ ልጅ ወይም ለአንድ አረጋዊ በየወሩ እንዲከፍሉ በማድረጉ እናደንቀዋለን። እነዚህን የምናደንቅ ሰዎች ነን አጥራችን ጥግ ሲመጣ የምንቆጣው።

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ እንግባ። ስሙን የማንጠቅሰው አንድ ድርጅት ከጽሕፈት ቤታችን ጥቂት በሮች ርቆ ግቢ ተከራይቶ ጎዳና ለሚያድሩ ሰዎች ምሳ ለማብላትና ልብስ የሚያጥቡበት፣ ገላቸውን የሚታጠቡበት ቦታ ለመክፈት ጠይቋል። ነዋሪዎች ለቀበሌው የተቃውሞ ደብዳቤ አስገብተዋል። ሦስት ምክንያት አቅርበዋል፦ ሌብነት፣ ሽታና በሽታ፣ የቤት ኪራይ ዋጋ መውረድ። ከፈራሚዎቹ መካከል የማኅበራችን አባላት ይገኛሉ። እነዚህ አባላት ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ በሐምሌ ገብርኤል ዳቦ ጋግረው ያደሉ ናቸው።

ከእነሱ ጋር ስንነጋገር አራተኛ ምክንያት ሰማን፤ በደብዳቤው ላይ ያልተጻፈ ነው። «እኛ በየሳምንቱ ከጉሊታችን ቆጥበን እዚህ ደረስን፣ እነሱ ለምን አይሠሩም?» የሚል ነው። ይህ አባባል ከየት እንደ መጣ እናውቃለን። ራስ አገዝ ቡድን የሚባለው አሠራር ከህንድ ልምድ ተወስዶ በ1990ዎቹ አጋማሽ በናዝሬት፣ በቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን በኩል በአምስት ቡድኖች ሲጀመር ዋናው ትምህርቱ «እርዳታ አትጠብቁ» ነበር። ጊዜው እርዳታ የለመደበት ስለ ነበር ብዙዎች ዱቄት የማይታደልበት ስብሰባ ምን ያደርጋል ብለው ጥለው ሄዱ። የቀሩት ሴቶች በሳንቲም ጀምረው ብድር ተበዳደሩ፣ ሱቅ ከፈቱ፣ ልጅ አስተማሩ። የእኛም ማኅበር በዚሁ መንገድ የመጣ ነው። እንዲህ ተለፍቶ የተገኘ ኩራት ወደ ታች ሲመለከት ግን ይጨክናል።

ይህን ክርክር በሒሳብ ክፍላችን ያሉትን ሰነዶች አውጥተን ፈተንነው። ቡድን ለመግባት በደንባችን ምን ይጠየቃል? የነዋሪነት መታወቂያ፣ ቢያንስ ሁለት የሚያውቋት አባላት፣ በየሳምንቱ በአንድ ቀን በአንድ ሰዓት መገኘት፣ ሳያቋርጡ መቆጠብ። መታወቂያ ለማግኘት የቤት ቁጥር ያስፈልጋል። የቤት ቁጥር ለማግኘት ኪራይ፣ ለኪራይ ገንዘብ፣ ለቋሚ ሥራ ደግሞ መልሶ መታወቂያና ተያዥ ይጠየቃል። መናኸሪያ የምታድር ሴት በዚህ ክብ ውስጥ የምትገባበት በር የለም። ሳንቲም ብትቆጥብ እንኳ ሌሊት ይወሰድባታል፤ የባንክ ደብተር ያለ መታወቂያ አይከፈትም። ራስ አገዝነት አድራሻ ባለው ሰው የሚጀመር ሥራ ነው። አድራሻ የሌለው ሰው መጀመሪያ የሚታጠብበት፣ የሚበላበትና ስሙን አውቆ «ይህች እዚህ ትመጣለች» ብሎ የሚመሰክርላት ቦታ ይፈልጋል። ድርጅቱ ከቀበሌው ጋር ተነጋግሮ ለተጠቃሚዎቹ የድጋፍ ደብዳቤ ለመጻፍ ማሰቡን ስንሰማ ነገሩ ከምሳ በላይ መሆኑ ታየን።

የጎረቤቶቹን ቅሬታም ዝም ብለን አላለፍነውም። ሌላ ሰፈር ያለ ተመሳሳይ ቤት ሄደን ከቀኑ አምስት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት ቆመን አየን። ጭቅጭቁ ያለው ውስጥ አይደለም፣ ውጭ ነው። ምሳው የሚሰጠው በስድስት ሰዓት ሲሆን ሰው ግን ተራ እንዳያልፈው ከአራት ሰዓት ጀምሮ በጎረቤት አጥር ሥር ይቀመጣል። ሁለት ሰዓት ሙሉ መጸዳጃ የለም፣ ጥላ የለም፣ ተራ የሚያስከብር የለም። ሽታውም ጠቡም የጠፋው ዕቃም ከዚያች ሁለት ሰዓት የመጡ ናቸው። በሩ በሦስት ሰዓት ቢከፈትና ሰው ግቢው ውስጥ ቢጠብቅ፣ መጸዳጃው ከምግቡ በፊት ቢሠራ ግማሹ ደብዳቤ ባልተጻፈ ነበር። በድርጅቱ በጀት ውስጥ ግን የመጠበቂያ ዳስና የዘብ ወጪ አላየንም፤ «አስተዳደር ነው» ብለው ፈርተው የተዉት ይመስለናል። ለጋሾች አስተዳደር ትንሽ ይሁን ሲሉ ጥላ ያለው መጠበቂያ ከሚቀር፣ ይህን ወጪ በግልጽ ለሰፈሩ ተብሎ ቢጽፉለት ይሻላል።

የኪራይ ዋጋውን ነገር ማረጋገጥም መካድም አልቻልንም። ሁለት ክፍል አከራይተው የሚኖሩ ባል የሞተባቸው እናቶች አሉን፣ ፍርሃታቸው ቀልድ አይደለም። ተከራይ ቢለቅባቸው የሚተኩበት የጡረታ ገንዘብ የላቸውም። ይህን «ራስ ወዳድነት» ብሎ ማለፍ ከእኛ አይጠበቅም።

ለድርጅቱ አምስት ጥያቄዎች በጽሑፍ ልከናል። ከሰፈሩ ዕድር አንድ ሰው በቦርዱ ወይም በግዢ ኮሚቴው ይቀመጣል ወይ? የወር ገቢና ወጪው በአማርኛና በሲዳምኛ በበሩ ላይ ይለጠፋል ወይ? መጠበቂያው ከግቢ ውስጥ ይሆናል ወይ? ወጥ ሠሪና ልብስ አጣቢ ከሰፈሩ ሴቶች፣ ቢቻል ከአከራዮቹ እናቶች ቤት ይቀጠራሉ ወይ? የኪራይ ውሉ ወይም የለጋሹ ገንዘብ ሲያልቅ የሚመገቡት ሰዎች ወዴት ይሄዳሉ? ለመጀመሪያዎቹ አራቱ መልስ መጥቷል፤ ሁለቱን ተቀብለዋል፣ ስለ ዳሱ ገንዘብ እየፈለጉ ነው፣ በቦርድ ስለ መቀመጡ ግን መተዳደሪያ ደንባችን ይፈትሽ ብለዋል። ለአምስተኛው እስካሁን አልመለሱም።

ጉዳዩ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ አጀንዳ ላይ ተይዟል። ማኅበሩ ደብዳቤውን ይደግፍ፣ ይቃወም ወይስ በአምስቱ ጥያቄዎች መልስ ላይ ተመሥርቶ ይስማማ የሚለው በአባላት ድምፅ ይወሰናል። የፈረሙትም ያልፈረሙትም እንዲገኙ እንጠይቃለን። የድርጅቱ የበጀት ቅጂና የተላከው ደብዳቤ በሒሳብ ክፍል ስላለ፣ ማንበብ የምትፈልግ አባል በሥራ ሰዓት መጥታ ማየት ትችላለች፤ ማንበብ ለሚያስቸግራቸው እናቶች ደግሞ ዘወትር ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብለን እናነብላቸዋለን።